የዱጋል ድንጋይ

የልጅ ልጄ ሜሮን ቦርሳዋን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ጥላ ስትሄድ ሽታው እኔ ያለሁበት ወጥ ቤት ድረስ መጣ። እርጥብ ማልያ፣ የተረገጠ ሣር፣ ጭቃ፣ አንድ የሚያቃጥል የጡንቻ ቅባትም አለበት። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ሄጄ ቦርሳውን ከፈትኩና ማልያውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ጭቃ በሙቅ ውሃ አይታጠብም፤ ሙቅ ውሃ ካገኘው ክሩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ይህን የተማርኩት እዚሁ ካልጋሪ ነው። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ እስክጨርስ የተማርኩት ሁሉ ተደምሮ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ አልጠቀመኝም።

«እማማ፣ ተዪው፣ እኔ ሎንድሪ አደርገዋለሁ» አለችኝ ሜሮን ከደረጃው ላይ። አንቺ ነው የምትለኝ። እናቷ አንቱ በያት ብላ ብዙ ደከመች፤ ልጅቷ ግን አንቱ ስትል ወሬው መሀል መንገድ ላይ እየቀረባት ስለምትቸገር፣ ግዴለም ብዬ ተውኳት።

«በሙቅ ውሃ ልታጥቢው ነው?»

«ኦፍ ኮርስ።»

«እንግዲያው አልተውም።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። «ባይ ዘ ዌይ፣ ቅዳሜ ክለባችን አኒቨርሰሪ አለው። ባርቤኪው ምናምን። ከዛ ፓርኪንጉን ኤክስፓንድ ያደርጉታል። ይሄን ሮክ ሊያነሱት ነው፤ ላይክ፣ ማሽን ሁላ ተከራይተዋል።»

ስልኩን ተቀብዬ መነጽሬን አደረግኩ። ድንጋዩን ወዲያው አወቅኩት። ከሜዳው ዳር፣ ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ ገብቶ፣ በአንድ ጎኑ ሽበት አብቅሎ ተቀምጧል።

«ከየት መጣ ይላሉ?»

«ግሌሸር ነው ያመጣው። የድሮ በረዶ። ፕሬዚዳንታችን ጂኦሎጂስት ነው፣ ኤክስፕሌይን አድርጎልናል።»

«ዱጋል ነው ያመጣው» አልኳት። «በፒክአፕ።»

ሜሮን ስልኳን ተቀብላኝ ኪሷ ከተተች። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር ስላልሆነ፣ መልሳ ሳታወጣው ልንገራት ብዬ እኔም ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ፔንብሩክ ሜዶውስ፣ አንዲት ቤዝመንት ተከራይተን ነበር። መስኮቷ ከሣሩ እኩል ስለሆነች ከአላፊ አግዳሚው ጫማ እንጂ ፊት አይታይም፤ ጎረቤቶቻችንን አብዛኞቹን የማውቃቸው በጫማቸው ነው። አውቶቡስ የሚገባው በሳንቲም ነበር። ሳንቲሙ ሳጥኑ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ልጆቹ ስልካቸውን አሳይተው ዝም ብለው ይገባሉ። ዛሬ ለአንድ ማኪያቶ በሚከፈለው ያኔ አንድ ጆንያ ድንች ይገዛ ነበር። ካፖርቴን ከአሥራ ሰባተኛው ጎዳና፣ ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ገዛሁ። የወንድ ነው፤ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ከሥሩ ሁለት ሹራብ ይችላል። ኪሱ ውስጥ የማላውቀው ሰው የሲኒማ ትኬት ተገኘ። አልጣልኩትም፤ ካፖርቱ እስኪያልቅ አብሮኝ ኖረ።

ሥራውን ያገኘሁት ከላይ ቤት ትኖር በነበረች ሴት ምክንያት ነው። የራግቢ ክለብ ወጥ ቤት ትሠራ ነበርና ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ቦታዋን ለእኔ አስረከበች። ራግቢ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ወንዶች ይቆሽሻሉ፣ አንቺ ታጥቢያለሽ። ይርባቸዋል፣ አንቺ ታበያለሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ራግቢን ሊያስረዳኝ ሞክሯል። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ሜዳው ከፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል ወዲህ፣ ነፋስ በሚመላለስበት ገላጣ ላይ ነው። ተጫዋቾቹ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ጥርስ ሐኪም ነበር፤ ቅዳሜ ያወለቀውን ሰኞ ይተክላል እየተባለ ይታማል፤ ገበያው ግን ጥሩ ነበር። አንድ ፖስተኛ ነበር፤ ከሁሉ ፈጣን እሱ ሆኖ ሳለ ኳሱን ለማንም አያቀብልም፤ የተሰጠውን ራሱ ካላደረሰ እንቅልፍ አይወስደውም። ከጨዋታ በኋላ ክለቡ ቤት ተሰብስበው በኅብረት ይዘፍናሉ። ድምፃቸው እጅግ ያማረ ስለነበር መዝሙር ነው ብዬ፣ ድንች እየላጥኩ በአፍንጫዬ አብሬ አዜም ነበር። ልጄ እንግሊዝኛዋ ሲጠነክር ትርጉሙን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ባለቤቴ አቶ ደምሴ በዕድሜ በጣም ይበልጡኝ ስለነበር አንቱ እላቸው ነበር፤ እስከ መጨረሻውም አልተውኩም። አገር ቤት የዕድር ዳኛ ነበሩ። እዚህ መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት ይሠራሉ፤ ከሥራ ውጭ ግን ጥቁር ሱፍ ልብስ፣ ባርኔጣና ከዘራ አይለያቸውም። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሊወስዱኝ መጡ። ልክ ሜዳው ዳር ሲደርሱ ሁለቱ ቡድኖች አንገት ለአንገት ተቆላልፈው፣ ጭንቅላታቸውን ቀብረው ይገፋፋሉ፤ ስክረም የሚሉት ነው። አቶ ደምሴ ቆመው አዩ። ዙሪያውን ሰው ከብቦ ያያል፤ ገላጋይ የለም። እንዲያውም ያጨበጭባሉ። ይህን ጊዜ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሜዳው መሀል ገቡ።

«በሕግ አምላክ!» አሉ።

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል። እነዚያም ቆሙ። ቋንቋውን ሰምተው ሳይሆን፣ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ በአገጫቸው ሥር ከዘራ ሲያስገባ ሌላ ምን እንደሚደረግ ስላላወቁ ነው። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። አቶ ደምሴ ትልቁን ሰውዬ፣ ጢሙ ቀይ የሆነውን፣ ክንዱን ይዘው ወደ ዳር አወጡትና በእንግሊዝኛ «ምን አደረገህ?» አሉት። ሰውዬው ዱጋል ነበር። አስቦ አስቦ፣ «ምንም» አለ። «እንግዲያው ለምን ትገፋዋለህ?» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለቤቴ በዚያ ሜዳ ላይ ስማቸው ጀጅ ሆነ፤ እኔ ደግሞ ዘነቡ ማለት ስላቃታቸው ሚስስ ዜድ ነበርኩ።

ዱጋል ስኮትላንዳዊ ነው፤ በያጅ ነበር። የእኛ ክለብ፣ የላይኛው የምንለው፣ የሱ ነው ማለት ይቻላል። ከሜዳው በታች በኩል ደግሞ ሌላ ክለብ፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ ወጥ ቤት አለ። የታችኛው ክለብ መሪ አይቨር የሚባል ቀጭን የዌልስ ሰው ሲሆን የዱጋልን እህት ሞራግን አግብቷል። ድሮ አንድ ክለብ ነበሩ። አንድ የዋንጫ ጨዋታ ላይ አይቨር ኳሱን ይዞ መስመሩ ላይ ወደቀ። ራግቢ ላይ ኳሱ መሬት ካልነካ ነጥብ የለም። ዳኛው ስላልታየው፣ እላዩ ላይ የወደቀውን ዱጋልን፣ የገዛ ጓደኛውን፣ «ነክቷል?» ብሎ ጠየቀው። ዱጋል «አላየሁም» አለ። ዋንጫው ሄደ። አይቨርም ግማሹን ቡድን ይዞ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አማቾቹ አልተነጋገሩም። ገና በመጣ ቁጥር ሞራግ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ወጥ ቤት ታበላ ነበር።

የራግቢ ሰዎች ደግሞ ደንብ አላቸው። ከጨዋታ በኋላ ባለሜዳው እንግዳውን ያበላል። ላይኛውና ታችኛው ሲጋጠሙ ሜዳው የሁለቱም ስለሆነ፣ እንግዳ መሆን ማለት መሸነፍ ስለመሰላቸው፣ ሁለቱም ያበስላሉ፣ አንዱ ሌላው ዘንድ አይሄድም። እኔ እዚህ በድስት ሙሉ ሾርባ፣ ሞራግ እዚያ በትሪ ሙሉ የሥጋ ኬክ፣ ደጅ ደጁን እያየን እንቆማለን። መጨረሻ ላይ በአጥሩ በኩል እኔ ሾርባ ሰጥቻት የሥጋ ኬኳን ይዤ እገባለሁ። ተጫዋቾቹ የጠላታቸውን ምግብ እያመሰገኑ ይበሉ ነበር። እኛም አንነግራቸውም።

ከዚያ የከተማው ሥራ ሁሉ የተንጠለጠለበት የነዳጅ ዘይት ረከሰ። በዚህ ከተማ ዘይት ሲረክስ ሰው እንደ ውሃ ይወርዳል። የዚያን ዊንተር በየሳምንቱ አንዱ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ራግቢ አሥራ አምስት ሰው ይፈልጋል፤ ላይኛው አሥር፣ ታችኛውም ያንኑ ያህል ቀረው። ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰው መጥቶ፣ በረዶው ቀልጦ ጨዋታ ሲጀመር የሞላ ቡድን ካልተመዘገበ ሜዳው ለሌላ እንደሚሰጥ ተናገረ። ሜዳው ከሄደ ወጥ ቤቱም ሄደ፤ የኔም ሥራ፣ የሞራግም። ሁለቱን መደመር ለማንም የሚከብድ ሒሳብ አልነበረም። ዱጋልና አይቨር ግን ከምንታረቅስ ሜዳው ይቅር አሉ።

«ጀጁ አያናግራቸውም?» አለችኝ ሞራግ በአጥሩ በኩል።

ለአቶ ደምሴ ነገርኳቸው። እሳቸውን ያስቆጣቸው የሜዳው ነገር አልነበረም። «የተሠራ ምግብ በኩርፊያ ሲቀዘቅዝ!» አሉ። «ነውር ነው።» ሽምግልና ለብቻ ስለማይኬድ ከላይኛው ጥርስ ሐኪሙን፣ ከታችኛው ፖስተኛውን መርጠው፣ ከረባት አስረው እንዲመጡ አዘዙ። አንድ ነገርም አስጠነቀቋቸው፦ ሽማግሌ የመጣበት ነገር እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም።

መጀመሪያ ዱጋል ቤት ሄዱ። ሳሎኑ ውስጥ ሦስቱ ተደርድረው ቆሙ። ሆኪ በቴሌቪዥን ይታያል፤ እነሱ የቆሙት ከፊት ለፊቱ ነው። ተቀመጡ አላቸው፤ አልተቀመጡም። ቢራ አመጣላቸው። ጥርስ ሐኪሙ በኋላ እንደነገረኝ፣ ያን ቢራ ሳይቀምስ የቆየበትን ሰዓት ያህል በሕይወቱ ተሰቃይቶ አያውቅም። ዱጋል ወደ ግራ ሲያጋድል ፖስተኛው ወደ ግራ ይጠጋል። በመጨረሻ አንድ ጎል ሲገባ ጩኸቱን ሰምቶ ሳያየው ቀረ። «እሺ፣ እሺ! ምን ላድርግ?» አለ።

አቶ ደምሴም ነገሩት። በአገራችን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣ። ቅዳሜ ሜዳው ላይ ድንጋይህን በጫንቃህ ይዘህ ና። አይቨርም ዘንድ ሄደው ይህንኑ አሉት፤ ጥፋተኛው ማን ነው ቢላቸው «ሁለታችሁም» አሉ።

ማታ ለሥራ ሳይወጡ ወጥ እያቀረብኩ፣ «ለመሆኑ መጠኑን ነግረዋቸዋል?» አልኳቸው።

«የምን መጠን?»

«የድንጋዩን።»

«ዘነቡ» አሉኝ፣ «ምልክት ነው። አእምሮ ያለው ሰው ጡጫ የምታህል ይይዛል።»

እኔ ግን የእነሱን ማልያ አጥብ ስለነበር አውቃቸዋለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ወሬ ተመላለሰ። ዱጋል ከከተማ ውጭ ኮረብታ ላይ ድንጋይ ሲያገላብጥ ታየ። ይህን የሰማው አይቨር የመረጣትን ድንጋይ ጥሎ ሌላ ፈለገ። ይህን የሰማው ዱጋል ገመድና ብረት ይዞ ወደ ኮረብታው ተመለሰ። በይቅርታ የሚበላለጡ ሰዎች ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ሁሉ ውሃ ሆኗል። የሁለቱም ክለብ ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። አይቨር በግ የምታህል ድንጋይ በትከሻው ይዞ ከታች እያነከሰ መጣ። ቀጥሎ የዱጋል ፒክአፕ ታየ፤ የኋላው አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ድንጋዩን ስታይ ሞራግ እጄን ያዘች።

«በመኪና አይሆንም» አሉ አቶ ደምሴ። «ግን ልጄ፣ ይህ አይ...»

ዱጋል አልሰማም። አራት ሰው አንስቶ ጀርባው ላይ ጫነለት። ተራመደ። ደግሞ ተራመደ። ቦቲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። «ይበቃል፣ ይቅር ተብለሃል!» አሉት አቶ ደምሴ። ቢሰማም መጣል አይችልም፤ ድንጋዩ ከጀርባው ሲንሸራተት እሱንም ይዞት ሊወድቅ ነው። ፊቱ ከጢሙ ብሶ ቀላ።

አይቨር የራሱን ድንጋይ ወረወረና ሮጠ። ጭንቅላቱን በዱጋል ብብት ሥር አስገብቶ፣ በትከሻው ድንጋዩን ደገፈ፤ ድሮ አንድ ቡድን ሳሉ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ጥርስ ሐኪሙ ገባ፣ ፖስተኛው ገባ፣ ላይኛውም ታችኛውም ተቆላለፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስክረም ለምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያን ቀን ነው። ግን መጀመሪያ ማን ይልቀቅ? አንዱ ቀድሞ ቢለቅ ሌላው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሁሉም ባሉበት ቀሩ፤ ሁለቱ አማቾች ጆሮ ለጆሮ ተጣብቀዋል። እኔና ሞራግ ቅርብ ስለነበርን ሰምተናል።

«እውነት አላየህም?» አለ አይቨር።

«ፊቴ ጭቃ ውስጥ ነበር» አለ ዱጋል እያቃሰተ። «አንተን እንኳ አላየሁህም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?»

ከዚያ አይቨር፣ «በኔ ቁጥር» አለና ቆጠረ። ሁሉም አንድ ላይ ለቀቁት። ድንጋዩ ከሜዳው ዳር፣ አሁን ያለበት ቦታ ተተከለ። ሲወድቅ የተረጨው ጭቃ የአቶ ደምሴን ሱፍ ከላይ እስከ ታች ሸፈነው። በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት።

አቶ ደምሴ በጭቃው ሳይደናገጡ፣ «አሁን ተሳሳሙ» አሉ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጭንቅላታቸውን በሰው ጭን መሀል የሚቀብሩ ሰዎች፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ ሲባሉ አፈሩ። መሬት መሬት አዩ። አቶ ደምሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ጠበቁ፤ ሽማግሌ መጠበቅ ያውቃል። ተሳሳሙ። ሾርባውና የሥጋ ኬኩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። አይቨር የኔን ሾርባ ቀምሶ ለሚስቱ «ይህን ያንቺን ሾርባ እንዴት ሰረቀችሽ?» ሲላት ሁለታችንም ወደ ድስቱ አቀረቀርን። ክለቡ አንድ ሆነ፣ ሜዳውም ቀረ። የአይቨር ድንጋይ በሩን ከነፋስ ለመያዝ ስላገለገለች እስከ ዛሬ እዚያው አለች።

አሁን ዱጋል የለም፤ ሞራግም። አቶ ደምሴም ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ፋልከንሪጅ ከልጄ ጋር ነኝ። የቀረው አይቨር ነው፤ የአረጋውያን ቤት ይኖራል።

ቅዳሜ ከሜሮን ጋር ሄድኩ። ማሽኑ ከድንጋዩ አጠገብ ቆሟል። ፕሬዚዳንቱ ብራንደን የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ሜሮን የነገርኳትን ነገረችው። «ደስ የሚል ታሪክ ነው ማም» አለኝ፤ «ግን ድንጋዩን ያመጣው በረዶ ነው።» ኮረብታው ላይ ያመጣው በረዶ ነው፣ ከኮረብታው ያመጣው ዱጋል ነው አልኩት። «ልጆቹ መኪና የሚያቆሙበት የላቸውም» አለ። እሱም እውነቱን ነው። ሜሮን ወደ አይቨር ሮጠች። ለበዓሉ አምጥተውት በተሽከርካሪ ወንበር፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ስለ ድንጋዩ ጠየቀችው። አይቨር አተኩሮ አያትና፣ «ኳሱ መሬት ነክቶ ነበር» አለ። ሌላ ነገር አልወጣውም።

ምስክር አልተገኘም። ብራንደን ወንበር አመጣልኝ፤ «ይቀመጡ» አለ። ምግብም በሳህን።

አልቀመጥም አልኩ።

ሴት ለሽምግልና አትላክም ይባል ነበር። የሚላኩት ግን አልቀዋል። ጉልበቴን ሐኪሜ ብዙ አታቁሚው ብሎኛል፤ እኔ ግን ከድንጋዩና ከማሽኑ መሀል፣ ቦርሳዬን ይዤ ቆምኩ። ብራንደን ወንበሩን ጠጋ አደረገልኝ። ጥላ ያዘልኝ። ሳህኑን አቀረበልኝ።

«እሺ እስክትል ድረስ አትቀመጥም» አለችው ሜሮን። «አትበላምም። ካልቸር ነው፣ ሶሪ።» እሷም ሳህኗን አስቀምጣ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ የቡድኗ ልጆች መጥተው ቆሙ፤ ለምን እንደሚቆሙ ያወቁ አይመስለኝም። ሥጋው መጥበሻው ላይ እየቀዘቀዘ ነው። በዚህ አገር ሰው ብዙ ነገር ይችላል፤ ቆማ የምታይ አሮጊት ግን አይችልም። ብራንደን ማሽኑን አየ፣ ጉልበቴን አየ።

«ሁለት መኪና ብናጣ ነው» አለ። «እሺ። ይቆይ።»

ተቀመጥኩ፤ ያመጣልኝ ወንበር ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ። ሜሮን አይቨርን እየገፋች አጠገቤ አቆመችው። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ሚስስ ዜድ» አለኝ። «ኳሱ ነክቶ ነበር፣ አይደለም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ እንኳን ኳሱን፣ አገሩንም አላየሁትም ነበር።

«አላየሁም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ዱጋልም አላየም» አለ። «ምን ያድርግ፣ ፊቱ ጭቃ ውስጥ ነበር።»

ሳህኑን ተቀበልኩ።